የሙጂባ መጋረጃ

እኔ ቂመኛ ነኝ። ይኼን የምለው እንድትፈሩኝም እንድታዝኑልኝም አይደለም፤ ወሬውን ከመጀመሬ በፊት ከማን ጋር እንደተቀመጣችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው። ሰው ሲበድለኝ "ይሁን" ብዬ ቤቴ ገብቼ መተኛት አልችልበትም። እናቴ ሙጂባ ትችልበታለች። እሷ "ይሁን" ባለች ቁጥር የእሷን ቂም ጭምር እኔ ተሸክሜ ነው ያደግሁት።

እናቴ አዋሽ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ምግብ ቤት ነበራት። ከባቲ አባቴን ተከትላ ነው የመጣችው። አባቴ ሲሞት ወደ ወንድሞቿ ከመመለስ አንዲት ቤት ተከራይታ ሽሮና ቅቅል መሥራት ጀመረች። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ሹፌሮች እሷ ጋ ሳይበሉ አያልፉም ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እጅ አስታጥባለሁ። በሩ ላይ ሰሌዳ አልነበረም፤ "ሙጂባ ጋ" ካልክ ግን ባጃጁ ራሱ ያደርስሃል።

ረመዳን ሲገባ እንደ ሌላው የሙስሊም ምግብ ቤት ሁሉ በሯ ላይ መጋረጃ ትሰቅላለች። መንገደኛ አለ፣ ክርስቲያን አለ፣ በሽተኛ አለ፣ ጾሙ የከበደው ጤነኛም አለ። ሁሉም ከመጋረጃው ኋላ ይበላል። ውጭ ያለው ጾመኛ አያይም፤ የገባውን ሰው ደግሞ ማንም በስሙ አይጠራውም። ገቢው ግራ ቀኝ ይገላመጣል፣ ሹልክ ይላል፣ በልቶ ይወጣል፣ ከዚያ ማታ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ በተምር ያፈጥራል። ይኼን አዋሽ ላይ የማያውቅ የለም።

የማያውቀው ደግነት የሚባል ከአዲስ አበባ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። በዚያ ረመዳን ፊት ለፊታችን ያለው ሆቴል ሰገነት ላይ ተቀምጦ የእናቴን በር ሲቀርጽ ሰነበተ። አንድ ቀን እንኳ መንገዱን ተሻግሮ "እዚህ ቤት ምንድነው የሚሠራው?" ብሎ አልጠየቀም። ሄዶ "የአስፋልት ዳር ገበና" የሚል ፊልም ሠራ። በፊልሙ ላይ ወንዶች እየተገላመጡ ከመጋረጃው ኋላ ይገባሉ፤ የደግነት ድምፅ "እዚህ ገላ ይሸጣል" ይላል። የወንዶቹን ፊት አደብዝዞላቸዋል፤ ለእነሱ አዝኗል። የእናቴን ፊት ግን ጥርት አድርጎ፣ በሩ ላይ ቆማ ላቧን ስትጠርግ፣ ስክሪኑን እስኪሞላ አቅርቦ አሳየው። ፊልሙ በቴሌቪዥን ተላለፈ፣ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ባቲ ያሉት አጎቶቼም አዩት። ከዚያ ወዲህ ደውለውላት አያውቁም።

አዋሽ ላይ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን "ኧረ ምግብ ቤት ነው" ለማለት አንድ ወንድ መጀመሪያ "እኔ እዚያ በልቻለሁ" ማለት ነበረበት። በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ በልቻለሁ። ይኼን የሚል ጠፋ። እናቴ ሴት ትሸጣለች ተብላ ስሟ ቢጠፋ ቀለላቸው፤ ጾም ፈታ መባል ከበዳቸው። እኔ ብናገር የልጅ ወሬ ነው፣ ያውም የራሷ ልጅ። ትምህርት ቤት "የመጋረጃዋ" ይሉኝ ጀመር።

ከሁሉም የከፋው ግን ሐጂ ሙዓዊያ ነው። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ ያኔ ሰፈሩ ውስጥ እሱ ሳይመጣ ነገር አይጀመርም ነበር። ከጂዳ ያመጣት ግማሿ አረንጓዴ ግማሿ ነጭ የሆነች ጃንጥላ አለችው፤ ክረምት ከበጋ ከእጁ አትለይም። ደግነት ፊቱን አደብዝዞለታል፤ ጃንጥላዋን ግን ረስቷታል። ፊልሙ ላይ ሐጂ ጃንጥላውን አጥፎ ይገባል፤ ሲወጣ ሪዙን በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

የሰፈሩ ሰው ሲሰበሰብ ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ ተነሣ። "እኔ የገባሁት ልመክራት ነው" አለ። "መከርኩ፣ መከርኩ፣ አልሰማ አለችኝ። እንዲህ ያለ ቤት በመሃላችን ሊኖር አይገባም።" እናቴ እዚያው ነበረች። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ዓይኑን ሰበረ። በዚያው ሳምንት አከራያችን አብዱልበሲጥ መጥቶ የቤቱን ቁልፍ ተቀበላት።

"ለምን አልተናገርሽም?" ብዬ ስንት ዓመት ጠየቅኋት። "አማና ነው" ትለኛለች። "ቤቴ ገብቶ የበላ ሰው ገበናው እኔ ዘንድ ነው።" እናቴ አሁን ሰው ሆቴል ውስጥ፣ ጓዳ ትሠራለች። የሆቴሉ ጌታ ሲቀጥራት "እንግዳ ፊትሽን እንዳያይ" ብሎ ነው የቀጠራት። በሽሮዋ ሆቴሉን ሰው ሞላው፤ እሷ ግን በኋላ በር ገብታ በኋላ በር ትወጣለች።

እንግዲህ እኔ ኑርሀያት ይኼን ሁሉ በሆዴ ይዤ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ የፊልም ክበብ አለን። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በፍላሽ ፊልም ይልክልናል፤ ስለ ፍትሕ፣ ስለ እኩልነት፣ ስለ ተገፋ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ አይተን እንወያያለን። ውይይቱን የሚመራው የአሳይታው አማን ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃሉን የሚመርጥ የአፋር ልጅ። ተማሪ ሲንጫጫ "በዳጉ እንሂድ" ይላል። ዳጉ የአፋሮች የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይነጋገራል፤ ጨምሮ ያወራ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። የአማን ውይይት ቀርፋፋ ነው፤ ውሸት ግን አያሳልፍም።

አንድ ቀን የክበቡ ጸሐፊ ኑሀሚን የመጣውን ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ የፊልሞቹን ርዕስ ስታነብልን "የአስፋልት ዳር ገበና" አለች። ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሼ ርዕሱን ራሴ አነበብኩት። ቀና ስል ዓይኔ ያረፈው መደርደሪያው ላይ ያለው ፕሮጀክተር ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ቀለም "ከሐጂ ሙዓዊያ የተበረከተ" ተብሎ ተጽፎበታል። ሐጂ ሱቁን ሰመራ ካዛወረ ቆይቷል፤ ፕሮጀክተሩን የሰጠን እሱ ነው። ያ ረቢ፣ አልኩ በሆዴ፣ ይኼን ለእኔ ነው ያመቻቸኸው።

"ይኼንን እናሳይ" አልኩ። "የዚያን ቀን ደግሞ ሐጂን እንጥራና እናመስግን። ሰውየው ፕሮጀክተር ሰጥቶን ሻይ እንኳ አላልነውም።"

አማን ገልመጥ አደረገኝ። "አንቺ ሰው ስታመሰግኚ አይቼ አላውቅም።"

"ጀመርኩ" አልኩት።

ሐጂ ጋ ሱቁ ድረስ ራሴ ሄድኩ። አላወቀኝም፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ። "ግብዣም አለ ሐጂ፣ እንዳይቀሩ" አልኩት። አንቱ የምለው በአፌ ብቻ ነው። ደስ አለው፣ መረቀኝ። ምርቃቱን እንኳ "አሚን" አላልኩበትም። እናቴን ደግሞ "የተማሪ ወላጆች ተጠርተዋል" ብዬ ከአዋሽ አስመጣኋት። ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተንገላታ መጣች። "ፊልሙ ስለ ምንድነው?" አለችኝ። "ስለ ምግብ ቤት" አልኳት። አልዋሸሁም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነነዋል፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ግን የሚያዞረው ያንኑ የጋለ አየር ነው። እናቴን ከኋላ ከሴቶቹ ጋር አስቀመጥኋት። ሐጂ ጃንጥላውን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ተቀበልኩትና በመሃል መተላለፊያ፣ ተማሪው ሁሉ እያየው፣ የፊተኛው ረድፍ ድረስ ወሰድኩት። "ጃንጥላዎትን ልያዝልዎት?" አልኩት። "ተዪው ልጄ፣ ከእጄ አትለይም" አለኝ። እኔም ይኼንኑ ነበር የፈለግሁት።

ምግቡን ደግሞ ወደ መጨረሻ አዙሬው ነበር። በልቶ እንዳይሄድብኝ ነው። ኬክና ለስላሳ መድረኩ ዳር ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፣ ግን ማንም አይነካም። "ግብዣው መቼ ነው ልጄ?" ብሎ አንዴ ጠየቀኝ። "ከውይይቱ በኋላ ነው ሐጂ፣ አብሽሩ" አልኩት።

ፊልሙ ሲጀምር እኔ ስክሪኑን አላየሁም። ጎን ለጎን ተቀምጬ እሱን ነው የማየው። ርዕሱ ሲመጣ ተቁነጠነጠ። የአዋሽ አስፋልት ሲመጣ ወደ በሩ ዞረ፤ መተላለፊያው ላይ መሬት የተቀመጠ ተማሪ ሞልቶታል፣ መውጫ የለም። የእናቴ ፊት ስክሪኑን ሲሞላው ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ ለመዞር አልደፈርኩም። ከዚያ ግማሽ አረንጓዴ ግማሽ ነጭ ጃንጥላ ስክሪኑ ላይ ታጠፈች። መጀመሪያ አንድ ተማሪ ሳቀ፤ ቀጥሎ ራስ ሁሉ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ። ሐጂ ጃንጥላውን በእግሩ ወንበሩ ሥር ገፋት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መብራቱ ሲበራ አማን ማይኩን ያዘ። ከፊልሙ ጋር የመጣው የመወያያ ጥያቄ "እነዚህን ሴቶች እንዴት እንታደጋቸው?" የሚል ነበር። አነበበውና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"መጀመሪያ ያየነውን እንናገር" አለ። "ያየነውን ለብቻ፣ የሰማነውን ለብቻ።"

ኃይለ ልዑል የሚባል ከደጋ የመጣ ልጅ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ፣ እጁን አወጣ። "ሴት የሚሸጥበት ቤት አየሁ" አለ።

"አላየህም" አለው አማን። "ያየኸው በር ነው።"

"እሺ፣ በር። ወንዶች ሲገቡ አየሁ።"

"ትክክል። ሌላስ?"

"ሲገቡ ይገላመጣሉ። አፍረዋል። ደግሞ አንዲት ሴት ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዛ ትገባለች። ይታጠባሉ መሰለኝ።"

"የመሰለህን ቆይተን እንመጣበታለን" አለ አማን። "ማን ሌላ ያየ አለ?"

የከሚሴዋ ሱልጣና ተነሣች። "እኔ ቤቱን ትቼ ከጎኑ ያለውን ነበር የማየው" አለች። "ተምር በካርቶን ሲሸጥ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ የሚጠብሱ ሴቶች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው አየሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዉ ሁሉ ኩባያ ይዞ አዛን ሲጠብቅ አየሁ።" ወደ ስክሪኑ በእጇ አመለከተች። "ወላሂ ይኼ ረመዳን ነው።"

ከዚያ ከአንዱ ጥግ ሳቅ ተነሣና ወደ ሌላው ተጋባ። የወሎ ልጆች፣ የአፋር ልጆች፣ የድሬዳዋ ልጆች ጭናቸውን እየመቱ ይስቃሉ። ኃይለ ልዑል ግራ ገብቶት ወዲህ ወዲያ ያያል። "ምንድነው? ንገሩኝ እንጂ" ይላል። ሁሉም ባንዴ ያስረዳው ጀመር፤ መጋረጃው ለምን እንደሚሰቀል፣ ሰዎቹ ምን እንዳሳፈራቸው፣ ማስታጠቢያው ለምን እንደሆነ።

"እና ሲበሉ ነው?" አለ።

"ሲበሉ ነው።"

"እኔ ደግሞ አልቅሼላቸው ነበር" አለና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

አማን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። "እንግዲህ ዳጉው ይኼ ነው" አለ። "ያየነው ሰው ምግብ ቤት ሲገባ ነው። ሴት ሲሸጥ ያየ ከመሃላችን የለም። እሱን የሰማነው ከፊልም ሠሪው አፍ ነው፤ እሱም አላየም።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ እናቴ ይበቃት ነበር። እኔን አልበቃኝም። ይኼ ተማሪ እናቴን አያውቃትም፤ ነገ ይረሳታል። ስሟን የገደለው ሰው ግን እፊቴ ተቀምጧል። ከሙቀቱ የተነሣ ጠምቶኝ ነበርና ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሚሪንዳ አንሥቼ ከፈትኩ፤ በሌላው እጄ ማይኩን ከአማን ተቀበልኩ።

"ስክሪኑ ላይ ያያችኋት ሴት ሙጂባ ትባላለች" አልኩ። "እናቴ ናት። ያቻትና ከኋላ ተቀምጣለች።"

ራስ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ነበር። ሐጂም ዞሮ አያት።

"ከወንዶቹም አንዱ እዚህ አሉ" አልኩ። "አዋሽ ላይ ሰው ሰብስበው 'የገባሁት ልመክራት ነው' ብለዋል። በእሳቸው ቃል እናቴ ከቤቷ ወጣች። አሁን በእናንተ ፊት እንዲነግሩን የምፈልገው የትኛውን ምክር እንደዋጡ ነው።"

ሐጂ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ልጄ" አለ፣ "እኔ እውነትም ልመክር ነው የገባሁት።"

"ሦስት ጊዜ?"

"ምክር ይደጋገማል።"

"ሲወጡ ሪዝዎትን የጠረጉትስ? ምክሩ ወጥ ነበረበት?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሐጂ ግንባር በላብ ተጠመቀ፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈራ ብዬ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። "ይናገሩ እንጂ" አልኩት። አንድ ነገር አጉተመተመ፣ ምላሱ ተሳሰረ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

እናቴ ተማሪውን እየገፋች መጣች። እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

"ያን ጠርሙስ ስጪኝ።"

"እማዬ ተዪኝ፣ መጀመሪያ ይናገር።"

"ስኳር በሽታ አለበት። ግብዣ አለ ብሎ መርፌውን ወግቶ ሳይበላ ቆይቷል፣ ስኳሩ ወርዶበት ነው። ስጪኝ አልኩሽ።"

ያኔ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። እቤታችን ሲመጣ እናቴ ለብቻው በውስጠኛው ክፍል የምታስቀምጠው ለምን እንደነበር፣ ቶሎ በሉልኝ እያለች የምታጣድፈው ለምን እንደነበር። ሰውየው በሽተኛ ነበር። በሽተኛ ደግሞ እንዲበላ ዲኑ ራሱ ፈቅዶለታል። "ታምሜ በልቻለሁ" ቢል የሚያፍርበት አንድም ነገር አልነበረም። እናቴን የሸጣት ጾም ፈታ እንዳይባል እንኳ አልነበረም፤ ታመመ እንዳይባል ነው። ለዚህች ብሎ። ጠርሙሱን አጥብቄ ያዝኩት። እየተንቀጠቀጠ እያየሁት፣ እያወቅሁ፣ ያዝኩት።

"ይናገር" አልኩ።

እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። በሕይወቷ መትታኝ አታውቅም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማይኩ እስኪጮህ። ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቃ የሐጂን አገጭ ቀና አደረገችው። "ቀስ ብለው ሐጂ፣ ትንሽ ትንሽ" እያለች ታጠጣዋለች፤ ከከንፈሩ የሚፈሰውን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ቆም ትላለች፣ ዓይኑን ታያለች፣ ደግሞ ታጠጣዋለች። ብዙ ጊዜ የሠራችው ነገር መሆኑ ከእጇ ያስታውቃል። ያ ሁሉ ተማሪ ያያታል። የሚስቅ ጠፋ።

አማን ኬክ አመጣ። ሐጂ ጎረሰ፤ ቀስ በቀስ ፊቱ ተመለሰ። ሲመለስ መጀመሪያ ያየው እናቴን ነው። እንባው ሪዙ ላይ ወረደ።

"በልቻለሁ" አለ፣ ለእሷ ይመስላል፣ ግን ሁሉም ሰማው። "ሽሮ ነው የበላሁት። ሐኪም ጾም ከልክሎኝ ነበር። ነጋዴ ታመመ ከተባለ ገበያው ይሸሸዋል ብዬ፣ ልጆቼም ሱቁን እንረከብ እንዳይሉኝ ብዬ ደበቅሁ። አንቺ ይኼው እስከዛሬ ደበቅሽልኝ።" ጉልበቷን ሊይዝ ጎንበስ አለ። "ሙጂባ፣ አውፍ በይኝ።"

"እኔ የዚያኑ ቀን አውፍ ብያለሁ" አለች እናቴ። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተችው። "የቀረችው እሷ ናት።"

ጉንጬ ገና ይግላል። ሐጂ ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ አንቺም አውፍ በይኝ።"

አዳራሹ ሁሉ እኔን ያያል። ኑሀሚን ከፕሮጀክተሩ ኋላ "በቃ በይው" በሚል ዓይን ትማጸነኛለች። ሽማግሌ ነው፣ አልቅሷል፣ ታሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ይላል።

"እናቴን የከሰሷት አዋሽ ነው" አልኩት። "አዋሽ ሄደው ይንገሩ። ከዚያ እንነጋገራለን።"

እንዲህ ያለ ልብ ያለኝ አልመሰላቸውም። እናቴ በዚያ ቀን አላናገረችኝም። ሐጂ ግን "ሐቋ ነው" አለ።

በሚቀጥለው ጁምዓ በሐጂ መኪና አዋሽ ገባን። አማንም "ዳጉ ግማሽ መንገድ ላይ አይቀርም" ብሎ ተከተለን። እኔና እናቴ ከመስጊዱ አጥር ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሶላቱ እንዳለቀ ሐጂ ኢማሙን አስፈቅዶ ማይክ ያዘ። ድምፁ በድምፅ ማጉያው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል፤ ሹፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ያዳምጣሉ። አንዲት ነገር አላስቀረም። መታመሙን፣ መብላቱን፣ መዋሸቱን ተናገረ። "የሙጂባ ቤት ምግብ ቤት ነበር። ሐራም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በምላሴ" አለ። እናቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ስሟ ሲጠራ ሻሿን አስተካከለች። እኔ አለቀስኩ፤ የምስቅ መስሎኝ ነበር፣ አለቀስኩ።

ያቺ ሰዓት ብቻ ብትሆን ኖሮ እኔም አውፍ ብዬ፣ ቂሜን እዚያው ዛፍ ሥር ጥዬው እሄድ ነበር። ግን ሰዉ ከመስጊድ መውጣት ጀመረ። ጫማውን እያጠለቀ ቀጥታ ወደ እኛ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ ጎሚስታው መጣ፣ የጤፍ ነጋዴው መጣ፣ ቁልፏን የተቀበላት አብዱልበሲጥም መጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ እናቴን መንገድ ላይ ሲያዩ የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው። አሁን ጥርሳቸው ሁሉ ወጥቷል።

"ሙጂባ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሐቁ ወጣ" ይላል አንዱ።

"እኛማ ድሮም እናውቅ ነበር" ይላል ሌላው።

"ድሮም እናውቅ ነበር" ይላሉ ሁሉም፣ እየተቀባበሉ፣ እንደ ደግ ሥራ። "ቤቱ ባዶ ነው፣ ነገ ግቢበት" ይላል አብዱልበሲጥ፣ እጁን ዘርግቶላት።

እነዚህን እጆች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። በዚያ ረመዳን፣ በጠራራው ፀሐይ፣ ከመጋረጃው ኋላ ውኃ ያፈሰስኩባቸው እጆች ናቸው። አንዳቸውም ታሞ አያውቅም። ሁለት ጊዜ እንጀራ ያስጨምሩ ነበር።

እናቴ ክርኔን ያዘችኝ። "ኑርሀያት፣ አንድ ቃል እንዳትናገሪ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሐጂስ ታመው ነው የበሉት" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "እናንተን ምን አሟችሁ ነበር?"

የአብዱልበሲጥ እጅ እንደተዘረጋች ቀረች። ከኋላ የነበሩት ድድ ማስጣታቸውን ትተው መሬት መሬት ያያሉ። ጎሚስታው "ኧረ ልጅት..." ብሎ ጀመረና ተወው። ሐጂ ከመስጊዱ በር ላይ ቆሞ ያያል፤ አማንም አጠገቡ ነው።

ሌላ ጥፊ መጣ ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። እናቴ ግን ክርኔን ለቀቀችው። ቀና ብላ አብዱልበሲጥን አየችው፣ ከዚያ ጎሚስታውን፣ ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን፣ በየተራ አየቻቸው። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችና መልሳቸውን መጠበቅ ጀመረች።